የማጂ ዘር በፓናማ ጠረጴዛ

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በተዘጋጀ አንድ የቡና ኤግዚቢሽን ላይ ወዲያ ወዲህ ስል አንድ ያማረ ዳስ ፊት ቆምኩ። ዳስ ያልኩት “ቡዝ” የሚሉትን ነው፤ የሠርግ እንዳይመስላችሁ። ቢሆንም ሠርግ ሠርግ ይል ነበር። ሣር ተጎዝጉዟል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ ረከቦት ላይ ሲኒ ተደርድሯል፤ ፈንዲሻው በሰፌድ ቀርቧል፤ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ጀበና ይዛ ፈገግ ብላለች። ከበስተኋላ በትልቅ ጨርቅ ላይ “የቡና መገኛ ምድር” የሚል ተጽፏል።

አንድ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ገዢ ሲኒውን ተቀበለ፤ ጠጣ፤ ከልጅቷ ጋር ፎቶ ተነሳ። ከዚያ “ጌሻ አላችሁ?” ሲል ጠየቀ። ዳሱን የሚጠብቀው ወጣት ትንሽ አሰብ አደረገና ምን ቢለው ጥሩ ነው? “የፓናማውን ነው?”

ከጎኔ የቆሙ አንድ አዛውንት ሳቃቸው አመለጣቸው። ጋሼ ከሚዛን ተፈሪ ወዲያ፣ ከማጂ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው። የራሳቸው ዳስ የላቸውም፤ ቡናቸውን በፌስታል ይዘው በየዳሱ ይዞራሉ። “ጋሼ፣ ምን ያስቅዎታል?” አልኳቸው።

“ልጄ፣” አሉኝ፣ “የገዛ አያቴን መንገድ ላይ አግኝቼ ‘አገርህ የት ነው?’ ብዬ የጠየቅኩ መሰለኝ።”

የዛሬው ወጋችን የዚህ “አያት” ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ማጂ ከአዲስ አበባ እጅግ ሩቅ ናት። ሚዛን ተፈሪ ራሷ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ማጂ ከሚዛንም ወዲያ ነች። በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ መጨረሻ፣ አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት እጅ ከገባ በኋላ በዓለም ገበያ የታወቀችው በቡና አልነበረም። የዝሆን ጥርስ ይወጣባት ነበር። ከዝሆን ጥርስ ቀጥሎ ደግሞ፣ አፍ ሞልቶ ለመናገር ቢያሳፍርም፣ ሰው ይወጣባት ነበር። የባሪያ ፍንገላው ዲዚንና ጎረቤቶቹን እስኪያራቁት ድረስ ቀጠለ። እንግሊዞች እዚያ ተራራ ላይ ቆንስላ የከፈቱበት ዋና ምክንያትም ይኸው ነው፤ ድንበር እየተሻገረ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ ግዛታቸው የሚዘልቀውን የአዳኝና የፈንጋይ ጭፍራ ለመከታተል። ማጂ ውስጥ የተቀመጠ ፈረንጅ ስለ ቡና ይጨነቃል ብሎ የሚጠብቅ ማንም አልነበረም።

በ1931 ግን የኬንያ የእርሻ መምሪያ ለማጂው ቆንስል፣ ለካፒቴን ሪቻርድ ዋሌይ፣ አንድ ትእዛዝ ላከ። ከዚያ አካባቢ ለሙከራ የሚሆን የቡና ዘር ሰብስበህ ላክልን የሚል ነው። ዘሩ ጌሻ ከሚባለው አገር ተለቀመና ወደ ኬንያ ሄደ። ሲጽፉት “ጌይሻ” ስላሉት እስከ ዛሬ ድረስ ከጃፓን ሴቶች ጋር የሚያምታታው ሰው ሞልቷል። (እርግጥ ካፋም ውስጥ ጌሻ የሚባል ወረዳ አለ። “የእኛ ነው፣ የእናንተ ነው” የሚለው ክርክር ቡና በተፈላ ቁጥር ይነሳል። ላኪው የማጂ ቆንስል ስለሆነ እኔ ወደ ማጂ አደላለሁ። ካፋዎች ይቅር ይበሉኝ።)

ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ 1931 ነው። ዓለም በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተይዛ የምትንፈራገጥበት ጊዜ። የቡና ዋጋ ከመውደቁ የተነሳ የብራዚል መንግሥት የተትረፈረፈ ቡናውን በእሳት ማቃጠል የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። እስከ 1944 ድረስ ያቃጠለውና ያጠፋው ወደ 78 ሚሊዮን ጆንያ ይጠጋል። እንግዲህ አስቡት፤ በአንድ በኩል ቡና በመርከብ ጭነት ይነዳል፤ በሌላ በኩል ከማጂ ደን በጣት የተለቀመ ጥቂት ዘር ተጠቅልሎ በጥንቃቄ ይጓዛል። ገበያው ሞቷል፤ ዘር ፈላጊው ግን ከገበያው ወዲያ ያለውን ቀን ያያል። የፈለጉት ጣዕሙን አልነበረም፤ በሽታ የሚቋቋም ዘር ነበር።

ከኬንያ ወደ ታንጋኒካ ተሻገረ። በ1953 ደግሞ ኮስታ ሪካ ወዳለው የቱሪያልባ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ እዚያም ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጠው። በ1960ዎቹ ወደ ፓናማ ገባ። ገበሬዎቹ ግን አልወደዱትም። ቅርንጫፉ በቀላሉ ይሰበራል፤ ምርቱ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ ይረዝማል። አንዳንዱ ነቀለው፤ አንዳንዱ ከሌላው ጋር ቀላቅሎ ለቀመው። አርባ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ማንም ሳይጠራው ኖረ።

እዚህ ላይ ማጂን ለጊዜው እናቆያትና ወደ ሌላ ክፉ ዘመን እንሻገር።

ቡና አምራችና ቡና ጠጪ አገሮች ተስማምተው በኮታ ይሸጡበት የነበረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1989 ፈረሰ። ዋጋው ከዚያ ወዲህ እንደ ዥዋዥዌ ሆነ። በ1997 ኒውዮርክ ላይ አንድ ፓውንድ ቡና (ፓውንድ ማለት ግማሽ ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ነው) ከ3 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ቬትናም በብዛት ገባች፤ ብራዚልም ምርቷን ጨመረች፤ በ2001 ያው ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በሠላሳ ዓመት ያልታየ ውድቀት ነው። ያን ጊዜ እኛ አገር ከውጭ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ያመጣ የነበረው ቡና ነው። ሐረርጌ ውስጥ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ተከለ። ማን ይፈርድበታል? ልጁን ትምህርት ቤት የሚልከው በታሪክ አይደለም፤ በብር ነው።

ፓናማዎችም ያው ችግር ገጥሟቸዋል። አገራቸው ትንሽ፣ የጉልበት ዋጋቸው ውድ፤ በብዛት ከብራዚል ጋር ሊወዳደሩ አይችሉም። ጥቂት አምራቾች ቀደም ብለው በ1990ዎቹ ተሰባስበው ማኅበር አቋቁመው ነበር። በየዓመቱ “የፓናማ ምርጥ” የሚሉት ውድድር ያዘጋጃሉ። ገዢዎችንና ቀማሾችን ከውጭ ይጋብዛሉ፤ አሸናፊው በጨረታ ይሸጣል።

ዳሳቸው ምን ይመስላል? እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ጠረጴዛ ነው። በቃ። ጠረጴዛው ላይ ስኒዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው እንጂ ስም የለውም። የተቆላው ቡና ተፈጭቶ ይጨመራል፤ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፤ ቀማሹ በማንኪያ ፉት ይላል፤ ይተፋል፤ ይጽፋል። ዘፈን የለም፤ ፖስተር የለም፤ ቀማሾቹም እርስ በርስ አይነጋገሩም። የቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት ያህል ጸጥታ አለ። አቅራቢው ያለውን ገንዘብ የሚያፈሰው በዳሱ ጨርቅ ላይ ሳይሆን ስኒው ውስጥ ባለው ነገር ላይ ነው።

በ2003 ገደማ “ላ ኤስሜራልዳ” የተባለው እርሻ ባለቤቶች አንድ ነገር አደረጉ። የእርሻቸውን ቡና በሙሉ አንድ ላይ ከመቀላቀል ይልቅ በየማሳው ለይተው ቀመሱት። ከፍታው ላይ፣ በአንዱ ጥግ ያሉት ረዣዥም ዛፎች ቡና ከሌላው ጨርሶ የተለየ ሆነባቸው። አበባ አበባ ይሸታል፤ ሎሚነት አለው። ለብቻው ለቀሙት፤ ለብቻው አደረቁት፤ በ2004 ውድድር ላይ ለብቻው አቀረቡት።

ዳኞቹ ቀመሱና ግራ ተጋቡ። አንዳንዶቹ “ይህ የፓናማ አይደለም፤ ማን ነው የኢትዮጵያ ቡና ጠረጴዛችን ላይ ያስገባው?” የሚል ጥርጣሬ አድሮባቸው ነበር ይባላል። ምላሳቸው አልዋሸም! ከማጂ የወጣው ዘር ከ73 ዓመት በኋላ በሰው አገር ጠረጴዛ ላይ በጣዕሙ ተለየ። በዚያው ዓመት ጨረታ አንድ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ። ጎረቤቱ በሳንቲም ሲሸጥ ማለት ነው። አሜሪካ በሚደረገው ትልቁ የልዩ ቡና ኤግዚቢሽን ላይም በ2005፣ በ2006 እና በ2007 በተከታታይ አንደኛ ወጣ። በ2007 ጨረታ 130 ዶላር ገባ። በ2019 ሌላ የፓናማ እርሻ የራሱን ጌሻ በ1,029 ዶላር ሸጠ። በ2025 ደግሞ ያው ላ ኤስሜራልዳ ሃያ ኪሎ ጌሻ አውጥቶ አንዱን ኪሎ በ30,204 ዶላር ሸጧል። ቁጥሩን ተሳስቼ አይደለም፤ እንደገና አንብቡት።

እኔ በፓናማዎች አልቀናም፤ ሌቦችም አልላቸውም። ዘሩን ያወጣው የእንግሊዝ ቆንስል ነው፤ እነሱ ያገኙት ከምርምር ጣቢያ ነው። ሰው ሁሉ የናቀውን ዛፍ ለይቶ መቅመስ ሥራ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በዚያ በ2001 እና በ2002 ጨለማ እኛ የት ነበርን? ምን ዓይነት ዳስ ተክለን ነበር?

ለኤግዚቢሽን ያለን ስሜት ከጥንቱም ከበዓል የተያያዘ ይመስለኛል። በ1955 የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ ሃያ አምስተኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ሲከበር አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ፣ የውጭ መንግሥታት ሳይቀሩ አዳራሽ ሠርተው ዕቃቸውን አሳይተው ነበር። ሕዝቡ ሊያይ ሄደ፤ ተደነቀ፤ ተመለሰ። በኋላ ያደግነው ደግሞ ኤግዚቢሽን ማለት የገናና የፋሲካ ባዛር ሲሆን ነው። መግቢያ ትከፍላለህ፤ ድምፅ ማጉያው ጆሮህን ይበጥሰዋል፤ ዘፋኝ ይዘፍናል፤ ድስትና ብርድ ልብስ ገዝተህ ትወጣለህ። በዚህ ያደገ ሰው የንግድ ዳስ ሥራ ሲሰጡት ድግስ ቢደግስ አይገርምም። ገዢ ግን ለድግስ አይመጣም፤ በተለይ በክፉ ዘመን። ኪሱ ሲሳሳ ወደ ኤግዚቢሽን የሚመጣው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ የሚመጣው ግን የምር ሊገዛ የመጣ ነው። እና ይጠይቃል። የየት ቀበሌ ነው? ከፍታው ስንት ነው? ታጥቦ ነው ወይስ በደረቁ? ስንት ጆንያ አለህ? የዛሬ ዓመትስ ያንኑ ትሰጠኛለህ? ለዚህ ሁሉ ጥያቄ የእኛ መልስ ፈንዲሻ ነው።

ጀበናን መናቄ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም ያለሱ አልውልም። ግን ለደቡብ ምዕራቡ ቡና ያ ዳስ የራሱ መልክ እንኳ አይደለም። በቤንች፣ በሸኮና በቴፒ በኩል ሰዉ ከፍሬው ይልቅ የቡናውን ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልቶ ይጠጣል፤ ጨሞ ይሉታል። በስንት ኤግዚቢሽን ዞሬ አንድም ዳስ ጨሞ ሲያቀርብ አላየሁም። ለገዢ “ይህ ቡና ከሌላው የተለየ አገር የመጣ ነው” ብሎ ለመንገር ከዚህ የተሻለ ምን ይኖራል? እኛ ግን ከሐረርም ይምጣ ከማጂ ያንኑ ሣርና ያንኑ ረከቦት እንዘረጋለን።

ወደ ፍርድ ስንመጣ ግን ዳስ ጠባቂውን ልጅ ብቻ መውቀስ ግፍ ነው። መልስ ሊሰጥ ቢፈልግ እንኳ መልሱ እጁ ላይ አልነበረም። በ2008 መጨረሻ ቡና ወደ ምርት ገበያው ሲገባ አብዛኛው የገበሬ ቡና በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ከመሰሉ ጋር ይቀላቀል ጀመር። የዚያ አካባቢ ቡና “ቤንች ማጂ”፣ “ቴፒ”፣ “በበቃ” እየተባለ ይሸጣል። ምርት ገበያው ብዙ ደግ ነገር ሠርቷል። ገበሬው የዕለቱን ዋጋ እንዲያውቅ አድርጓል፤ ሻጩ ገንዘቡን በጊዜ እንዲያገኝ አድርጓል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ላ ኤስሜራልዳ የዳነበትን ያንን አንድ ሥራ፣ ማሳን ከማሳ መለየትን፣ ከባድ አደረገው። የገበሬ ዩኒየኖችና ትልልቅ እርሻዎች በቀጥታ መላክ ይችሉ ነበር፤ ጋሼን የመሰለው ገበሬ ግን ቡናው ከመጋዘን በር አልፎ ከገባ በኋላ ስሙን ያጣል። ሕጉ የላላው በ2017 በወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ነው።

ስም ካልን አይቀር፣ መንግሥት በ2005 “ሐረር”፣ “ሲዳሞ” እና “ይርጋ ጨፌ” የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ተነስቶ ከስታርባክስ ጋር የገባው እሰጥ አገባ በ2007 በስምምነት አልቋል። ጥሩ ሥራ ነው። ጌሻ ግን ከሦስቱ ውስጥ የለም። ያን ጊዜ ዓለም ጌሻን የለመደው እንደ አገር ስም ሳይሆን እንደ ዘር ስም ነው። ዛሬ ከኮሎምቢያ እስከ ሌሎቹ የመካከለኛው አሜሪካ አገሮች ድረስ ጌሻ የማይተክል የለም። ስሙ እንደ ዘሩ ሄዷል።

ሳይንቲስቶቹም ቢሆኑ በዚያ መንገድ አልፈዋል። በ1964 እና በ1965 የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የቡና ዘር ሰብሳቢ ቡድን ልኮ የደቡብ ምዕራቡን ደን አስሷል። የተሰበሰበው ዘር በየአገሩ የምርምር ጣቢያ ተተከለ። አገር ውስጥ በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ሲገባ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት ከነዚሁ ደኖች በለቀሟቸው ዘሮች ነው። ደኑ ለተመራማሪ ሁልጊዜ ክፍት ነበር ማለት ነው። ወደ ጠረጴዛው የሚወስደው መንገድ ነው ተዘግቶ የቆየው።

ሦስተኛው ክፉ ዘመን ሁላችንም የምናስታውሰው ነው፤ ኮሮና። በ2020 አሜሪካ ፖርትላንድ ላይ ሊደረግ የነበረው ትልቁ የቡና ኤግዚቢሽን ተሰረዘ። የአውሮፓውም አልተካሄደም። በዓለም ላይ አንድም ዳስ የለም፤ አንድም ጀበና አልቀረበም። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ኢትዮጵያ “ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ” የተባለውን ዓለም አቀፍ የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያካሄደችው በዚያው ዓመት ነው። 1,459 ናሙና ቀረበ፤ አብዛኛው ከአነስተኛ ገበሬ። የውጭ ዳኞች መምጣት ስላልቻሉ ናሙናው ተጭኖ ወደነሱ ሄደ። ጨረታው በኢንተርኔት ተካሄደ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ገበሬ ቡና በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ። ከአዳራሹም ከሙዚቃውም አንዱ እንኳ አልነበረም፤ የነበረው ስኒው፣ ቁጥሩና የገበሬው ስም ነው። እኔ ያንን ዜና ያነበብኩት ቤቴ ተዘግቼ፣ ጭንብሌ ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ከወንበሬ ብድግ ብያለሁ።

ማጂስ? የሚያጽናና ነገር አለ። ከ2011 ጀምሮ ጌሻ ደን አጠገብ “ጌሻ ቪሌጅ” የተባለ እርሻ ተቋቁሞ ከዚያው ደን በተሰበሰበ ዘር ተክሏል። በ2017 የራሱን ጨረታ ከፍቶ፣ ማሳውን በየስሙ ከፋፍሎ ለዓለም ማቅረብ ጀመረ። ፓናማዎች ያደረጉትን ማለት ነው፤ ልዩነቱ ዘሩ አገሩ ላይ መሆኑ ነው። ግን ትልቅ እርሻ ነው፤ ጨረታ ለማዘጋጀት አቅም አለው። ሁለት ጥማድ መሬት ላይ ቡና፣ ኮረሪማና እንሰት ቀላቅሎ የሚያበቅል ሰው ያንን በብቻው አያደርገውም።

የአስተዳደር ወሰኑም በዚህ መሐል ተለዋውጧል። የቀድሞው ቤንች ማጂ ዞን ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ሆኖ ተከፈለ፤ በ2021 ደግሞ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ። ጆንያው ላይ ግን “ቤንች ማጂ” የሚለው ስም ቀርቶለታል። ቢያንስ “ማጂ” አልጠፋችም።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ሳቃቸው ካባራ በኋላ ፌስታላቸውን ከፍተው አሳዩኝ። ንጹሕ የደረቀ ቡና ነው። ቁራጭ ወረቀት ላይ የልጅ ልጃቸው በእስክሪብቶ የቀበሌውን ስም፣ የተለቀመበትን ወርና “ከአባባ ጓሮ፣ ከወንዙ በላይ” የሚል ጽፎ ከቡናው ጋር ከቶታል። ያ ገዢ ሲጠይቅ የነበረው መልስ እኮ ይኼ ነው! ቀና ብዬ ፈለግኩት፤ ሄዷል።

ተያይዘን ወደ አዘጋጆቹ ጠረጴዛ ሄድንና ለሚመጣው ዓመት የአንድ ዳስ ኪራይ ስንት እንደሆነ ጠየቅን። ልጅቷ በትሕትና በካሬ ሜትር ነገረችን። ጋሼ ብሩን ወደ ቡና ለወጡት፤ ጣታቸውን እያጠፉ በኪሎ መቁጠር ጀመሩ።

“አንዱን ካሬ ለሁለት ይከፍሉታል?” አሏት።

ልጅቷ ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። ቆጠራውን ሳይጨርሱ አዳራሹ ሊዘጋ ነው ተባለና ወጣን።